ንብ የበላው ጠባቂ

ቼፕሶይ ናኩሩ ከተማ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ሙሽራ፣ የሰው አማት፣ የሰው ሰካራም አጎት ስትቀርጽ ኖራለች። የሙሽራዋ እናት መቼ እንደምታለቅስ ከእናትየዋ ቀድማ ታውቃለች፤ ካሜራዋን አዙራ ትጠብቃታለች። የትኛው አጎት ንግግር ሲጀምር ባትሪ መቀየር እንደሚቻልም ታውቃለች። ራሷ ግን አላገባችም። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት፣ "አይቼዋለሁ፤ ያውም ወደ ኋላ እየመለስኩ" ትላለች።

ይህች ሴት አንድ የምትኮራበት የልጅነት ትዝታ ነበራት። ወገኖቿ ኦጊየኮች ናቸው፤ ማው ጫካ ውስጥ በንብና በአደን የኖሩ። የደን ጠባቂዎች ሕዝቡን ከጫካ ሊያስወጡ የመጡ ለት በነሱ ቋንቋ 'ኮጎ' የምትላቸው አያቷ ታፕራንዲች ንብ የሞላበት ቀፎ በጀርባቸው ተሸክመው ሲወጡ፣ አንድ ጠባቂ መንገድ ላይ አስቁሞ "ምን ተሸክመሻል?" አላቸው። "ልጄ ነው፤ ተኝቷል" አሉት። ጠባቂው ቀፎውን በዱላው መታ መታ ሲያደርገው ልጁ አጉረመረመ። እንዲህ የሚያጉረመርም ልጅ ምን ዓይነት ነው ብሎ ውታፉን ነቀለው። ከዚያ በኋላ ያየው ሰው ቢኖር ያየው ጀርባውን ነው፤ ሽምጥ ጋልቦ ወንዝ ውስጥ ሲገባ።

ቼፕሶይ ይህን ሁሉ በዓይኗ አይታለች። ጠባቂው ወንዙ ላይ ሲወድቅ ቀዝቃዛው ውሃ ተረጭቶ ፊቷን እንደመታት እስከ ዛሬ ይሰማታል። ለጓደኞቿ ስታወራ ፊቷን በመዳፏ ሳትጠርግ ጨርሳ አታውቅም።

ስለዚህ የነባር ሕዝቦችን ልጆች ፊልም የሚያስተምር አንድ ትንሽ ማኅበር ሲቀበላት፣ አስተማሪዋም "ሰርግ አልፈልግም፤ የገዛ ልጅነታችሁን፣ የገዛ ቤተሰባችሁን ታሪክ አሥር ደቂቃ አድርጋችሁ አምጡልኝ" ስትል፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ጣራ ጣራ ሲያዩ ቼፕሶይ ብቻዋን ፈገግ አለች። የሷ ያለቀ ነው። የቀረው መቅረጽ ብቻ።

ካሜራዋንና ከማኅበሩ የተዋሰችውን ማይክሮፎን ይዛ በማታቱ ሚኒባስ ወደ መንደሯ ወደ ኪፕኮሬ ወጣች። ማይክሮፎኑ ነፋስ እንዳይገባበት ጥቁር ጠጉራም ልባስ ለብሶ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የሚሰካ ነው። ኮጎ ደጃፍ ላይ ድንች ሲልጡ አዩት።

"ሽኮኮ ነው?"

"ድምፅ መቅጃ ነው፣ ኮጎ።"

"በወጥመድ ነው የያዝሽው?"

"ኧረ የተሠራ ነው!"

"ይሁና። ቆዳው ጥሩ ቆብ ይወጣዋል" አሉና ወደ ድንቻቸው ተመለሱ።

አባቷ ጆኤል አናጢና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ፊልም ሊቀረጽ መሆኑን እንደሰማ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራባቱን አሥሮ ወጣ፤ ፊልሙ ስለ እናቱ ነው ቢባልም ክራባቱን ሊፈታ አልፈቀደም። ሌላው ባለጉዳይ ቦዮት፣ ማለትም ሽማግሌው፣ ኪሙንጌ ናቸው። ከኮጎ ታናሽ እህት ከሟቿ ቼሌል ጋር አርባ ዘጠኝ ዓመት በትዳር የኖሩ፣ ከወዲያ ከሻይ ማሳው አገር የመጡ አዛውንት። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ይመጣሉ፤ የኮጎን ምግብ ይነቅፋሉ፤ ጠርገው በልተው ይሄዳሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቼፕሶይ ካሜራዋን ተክላ፣ አያቷን አጥሩ ሥር አስቀምጣ ጀመረች።

"እንግዲህ ኮጎ፣ ጠባቂዎቹ የመጡ ለት እንዴት እንደነበር ይንገሩኝ።"

ኮጎ አፋቸውን ሲከፍቱ ጆኤል ቀደማቸው። "ማክሰኞ ነበር።"

"አንተ ማክሰኞን ምን ታውቃለህ? የአራት ዓመት ልጅ ነበርክ።"

ቼፕሶይ ካሜራውን እያስተካከለች ስለነበር ነገሩ ጆሮዋ ደርሶ ልቧ አልደረሰም።

"ባልየው ማር ሊቆርጥ ሩቅ ሄዷል" አሉ ኮጎ። "ሴት ደግሞ በኛ ደንብ ቀፎ አትነካም። ግን ቤታችን ይቃጠላል ሲባል ምን ላድርግ? ድስቱን ልያዝ? ድስትማ ይገዛል። ሙሉ ቀፎ ግን... አፉን በዛፍ ሽበት አጥብቄ ወትፌ፣ ጠፍሩን ግንባሬ ላይ ጥዬ ተሸከምኩት።"

"እኔስ የት ነበርኩ?" አለች ቼፕሶይ፣ ይህቺን ጥያቄ ለፊልሙ ድምቀት አስቀድማ አዘጋጅታት ስለነበር።

ያን ለት ከምሳ ሰዓት ቀድመው መጥተው ከጀርባ በኩል ድንች የሚያኝኩት ቦዮት ኪሙንጌ ጣልቃ ገቡ።

"ቀፎው የት ነበር?"

"ጀርባቸው ላይ" አለች ቼፕሶይ።

"ታዲያ አንቺ የት ሆነሽ ነው? ቀፎው ውስጥ?"

"ደረታቸው ላይ ታዝዬ ነበራ!"

"ደረቷ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ" አለ ጆኤል ክራባቱን እያቃና። "አትሳሳቺ። ጆሮዬን የነደፈችኝን ንብ ዛሬም ባያት አውቃታለሁ።"

"አባዬ፣ አንተ የአራት ዓመት ልጅ ከነበርክ..." አለችና ቼፕሶይ ቆመች። ሰርግ ቀራጭ እንጂ ሂሳብ አዋቂ ባትሆንም ይህ ስሌት ብዙ ትምህርት አይፈልግም። የአራት ዓመት ልጅ አባት አይሆንም።

"የኔ ልጅ" አሉ ኮጎ በለሆሳስ፣ "አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። ገና ሃያ ምናምን ዓመት ይቀርሽ ነበር።"

"አይቻለሁ እኮ! ጠባቂው ሲወድቅ ውሃው ፊቴን ረጨኝ!"

"ውሃውማ እኔ ነኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቼፕሶይ በአምስት ዓመቷ ትክትክ ይዟት አንድ ሙሉ ክረምት ተኝታ ከርማለች። ኮጎ መራራ የዛፍ ልጣጭ እየቀቀሉ በቀን ሦስት ጊዜ ያጠጧታል፤ እሷ ደግሞ ጥርሷን ነክሳ እምቢ ትላለች። አፏን የሚያስከፍታት ያ ታሪክ ብቻ ነበር። ውታፉ ሲነቀል መደነቅ አለና አፏ ይከፈታል፣ መድኃኒቱ ይገባል። ጠባቂው ወንዝ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ኮጎ ትኩሳቷን ለማብረድ ከቅሉ ውሃ ዘግነው ፊቷን ይረጯታል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ክረምቱን ሙሉ።

ቼፕሶይ ካሜራውን አጥፍታ ከአጥሩ ማዶ ሄዳ ተቀመጠች። ሰው ሞባይሉን ሲሰረቅ ይናደዳል፤ ልጅነቱን ሲሰረቅ ግን ማንን ይከሳል? ይባስ ብሎ የሰረቀችው ራሷ ናት። ጆኤል ሊያጽናናት መጣ። "ግድ የለም፤ የኔን ልጅነት ውሰጂው፤ እኔ ምንም አልሠራበትም" አላት። ሳቋ መጣ። አሥር ደቂቃ ፊልም ግን አሁንም ባዶ ነው።

እያሰበች ሳለ ከአጥሩ ወዲህ ሁለቱ አዛውንቶች ሲጨቃጨቁ ሰማች። ኮጎ ጠባቂው በዋርካው በኩል ሮጠ ይላሉ፤ ቦዮት ኪሙንጌ "በቋጥኙ በኩል ነው!" ይላሉ። ኮጎ ጠባቂው ወፍራም ነበር ሲሉ፣ ቦዮት "ወፍራም? ካፖርቱ ነው እንጂ!" ብለው ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። ቼፕሶይ እኚህ ሰውዬ ከሻይ አገር መጥተው ይህን ሁሉ ከየት አወቁ ብላ መጠየቅ ነበረባት። እሷ ግን ያሰበችው ሌላ ነው፤ ታሪኩን በቦታው፣ በባለቤቱ ልታስደግመው። ኮጎ ቀፎ ተሸክመው በዚያው መንገድ ይወርዳሉ፤ ጠባቂ ያስቆማቸዋል።

"ቦዮት፣ ጠባቂውን እርስዎ ይሁኑልኝ" አለች።

አዛውንቱ እንደ ድንጋይ ደረቁ። "አልሆንም።"

"አንድ ደቂቃ ብቻ..."

"ጉልበቴን ያመኛል አልኩሽ!" ስለ ጉልበታቸው ሲያወሩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ኮጎ ወደ ሰማይ አዩ። ጆኤል ጫማውን መረመረ።

በነጋታው ጠዋት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ሁሉም ወንዙ ዳር ወረዱ። ቼፕሶይ ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አቁማ ራሷ የአባቷን አሮጌ ካፖርት ለብሳ ጠባቂ ሆነች። ጆኤል በሙሉ ልብሱ፣ በጆሮው ማዳመጫ ደፍቶ፣ ጠጉራሙን ማይክሮፎን በዘንግ ወደ ላይ ያዘ። ቦዮት ኪሙንጌ አላይም ቢሉም መጥተው ቋጥኝ ላይ ተቀምጠዋል። ኮጎ ክንድ ተኩል የምታህል የጥድ ቀፎ ተሸክመው፣ ጠፍሯን ግንባራቸው ላይ ጥለው፣ ቀስ እያሉ ከላይ መጡ።

"ቼፕሶይ፣ ይሄ ማሽን ዝዝዝ ይላል" አለ ጆኤል ማዳመጫውን እየነካካ።

"ነፋስ ነው፣ አባዬ። ዝም በል አሁን፤ እየቀረጽን ነው።" ወደ አያቷ ዞር ብላ እጇን ዘረጋች። "ይቅርታ እናቴ፣ ምን ተሸክመዋል?"

"ጠባቂ ይቅርታ አይልም!" የሚል ድምፅ ከቋጥኙ መጣ።

"እሺ። እናቴ፣ እባክዎ ይቁሙ..."

"እባክዎ! ሙሽራ ልታሳልፊ ነው እንዴ? እንደሱ አይቆምም! እግር ይከፈታል! ዱላ በቀኝ!" ቦዮት ኪሙንጌ ተነሱ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ሦስት ድንጋይ ዘለው ወረዱ፤ ቼፕሶይን ገፋ አድርገው በቦታዋ ቆሙ፤ ጎንበስ ያለው ወገባቸው ተቃና። "ሲማማ! ቁሚ!" ብለው ሲጮኹ ከወንዙ ማዶ የሚግጡት ፍየሎች ሳይቀሩ ቆሙ። "ምን ተሸክመሻል?"

ኮጎ ቀና ብለው አዩአቸው። ዓይናቸው ውስጥ የሃያ አራት ዓመት ሴት ብልጭ አለች።

"ልጄ ነው" አሉ። "ተኝቷል።"

ቦዮት በዱላቸው ጫፍ ቀፎውን መታ መታ አደረጉ። ቀፎው አጉረመረመ።

የአዛውንቱ ፊት አመድ መሰለ። ዱላው እጃቸው ላይ ቀረ። "ታፕራንዲች" አሉ በሹክሹክታ፣ "ባዶ አይደለም እንዴ?"

"በስተርጅና ባዶ ቀፎ ተሸክሜ ልዋሽ?"

ቼፕሶይ ይህን ሹክሹክታ አልሰማችም። አዛውንቱ ንግግራቸው የጠፋባቸው መስሏት፣ ሙሽራ ቀለበቱ ሲጠፋበት እንደምታደርገው ሮጣ ልታግዛቸው ገባች። "ቦዮት፣ ከዚህ በኋላ እኮ ውታፉን ነው የሚነቅሉት። እንዲህ!" አለችና ነቀለችው።

ንብ ጥቁርና ጠጉራም ነገር አትወድም፤ ማር ሊሰርቃት የሚመጣ አውሬ ሁሉ ጥቁርና ጠጉራም ነውና። ስለዚህ መንጋው ኮጎንም ኪሙንጌንም አልፎ በቀጥታ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደ። ጆኤል በማዳመጫው ውስጥ የዓለም ፍጻሜ ሲመጣ ሰማ። ዘንጉን ቢጥለው ኖሮ ይድን ነበር። "የተዋስነው ዕቃ ነው፤ እንዳይሰበር!" ቼፕሶይ ያለችው ትዝ አለውና ይዞት ሮጠ። እሱ በሮጠ ቁጥር ጠጉራሙ ነገር ከበላዩ ይከተለዋል፣ ንቦቹም ጠጉራሙን ይከተላሉ። በመጨረሻ በሙሉ ልብሱ፣ በክራባቱ፣ "ጌታ ሆይ!" እያለ ወንዙ ውስጥ ገባ። ውሃው ተረጭቶ ቼፕሶይን ፊቷን መታት። የዛሬውን እንኳ ማንም የኔ ነው ሊላት አይችልም።

ቦዮት ኪሙንጌም ሊሮጡ አንድ እግር አንስተው ነበር።

"ቁም ኪሙንጌ!" ብለው ጮኹ ኮጎ። "አትሩጥ! ያኔም ቁም ብዬህ ነበር፣ አልሰማህም!"

"ቆሜያለሁ!" አሉ አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ንብ በራ ራሳቸው ላይ እየተራመደች። "ኧረ ቆሜያለሁ!"

ኮጎ ቀፎውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት፤ ሁለቱ አዛውንቶች ሰርግ ላይ እንደሚጨፍር ጥንድ ተያይዘው፣ ዝግ ብለው ሄዱ። አንዲት ንብ እንኳ አልነደፈቻቸውም።

ቤት ገብተው ጭስ አጭሰው ተቀመጡ። ጆኤል በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ስድስት ቦታ አብጧል። ቼፕሶይ ላይኛው ከንፈሯ የማንጎ ፍሬ አክሏል።

"'ያኔም'... ምን ማለት ነው?" አለች ቼፕሶይ፣ ከንፈሯ እንደፈቀደላት።

ጆኤል ወደ እሳቱ አየ። ኮጎ ወደ ኪሙንጌ አዩ። ቦዮት ኪሙንጌም "ያንን ነገርሽን አብሪው" አሉ በአገጫቸው ካሜራውን እያሳዩ። "ሁለት ጊዜ አልናገረውም።"

አበራችው።

"ጠባቂው እኔ ነኝ" አሉ። "ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ካፖርት ሰጡኝ፣ ዱላ ሰጡኝ፣ አንድ ፓኬት ክብሪት ሰጡኝ። እዚህ ሸለቆ ያሉትን ቤቶች አቃጥል ተባልኩ። ወንዝ ውስጥ ስገባ ክብሪቱ ረጠበ። በዚያ ቀን አንድም ቤት አላቃጠልኩም። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፤ ክብሪቱ ስለረጠበ ነው። በሳምንቱ ሌሎች መጡ። የነሱ ክብሪት ደረቅ ነበር።"

እሳቱ ተንጣጣ።

"በአራተኛው ቀን" አሉ ኮጎ ተቀብለው፣ "እኛ ጫካው ዳር የቅጠል ጎጆ ቀልሰን ስንቀመጥ፣ ራሱ ዱባ ያከለ አንድ ሰው መጣ። ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው፣ ሁሉም አብጦ። 'መድኃኒት' ይላል። ወንዶቹ ጦር አነሱ። ቼሌል ግን ሳቀች። እህቴ ስትስቅ ማቆም አታውቅም። እየሳቀች አስቀመጠችውና የንቦቹን እሾህ አንድ በአንድ በጥፍሯ ነቀለችለት።"

"አርባ ሦስት" አሉ ቦዮት። "ጮክ ብላ ትቆጥር ነበር። ሃያ ላይ ስትደርስ አላመመኝም። ሠላሳ ላይ ስትደርስ እንዳያልቅ ጸለይኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ካፖርቱን እዚያው ጥዬ ቀረሁ። ወዴት ልሂድ? ዕቃ አጎደልክ ብለው ሊያስሩኝ ነው።"

ለጋብቻው የተቀመጡት ሽማግሌዎች አንድ ቀን ሙሉ ተከራክረው ነበር። ቤት አቃጣይ ከኛ ልጅ ሊወልድ ነው ያሉ ነበሩ፤ ሰው አልቋል፣ ባል ከየት ይመጣል ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ፣ "ጠባቂውን ንብ በልቶታል። ይሄ ሌላ ሰው ነው" ብሎ ፈረደ። በንብ የተበላ ሰው ስም አይጠራም ተባለ። ስለዚህ ታሪኩን ሁሉም ያወራዋል፤ ጠባቂው ማን እንደሆነ ግን አንድም ሰው አያነሳም። የኪሙንጌ ልጆች ራሳቸው በጠባቂው ሲስቁ ነው ያደጉት፤ አባታቸውም አብሮ ሲስቅ።

ቼፕሶይ ካሜራዋን አጠፋች። "ቦዮት፣ አሳዪ ካላሉኝ ይሄን አላሳይም። ልጆችዎ አያውቁም።"

ቦዮት ኪሙንጌ በዱላቸው አመዱን ጫሩ። "ቼሌል ልትሞት ስትል፣ 'ለልጆቹ ንገራቸው፤ የሚስቁበትን ሰው ይወቁት' ብላኝ ነበር። አልቻልኩም። አሳዪው። ግን እኔ ከኋላ ነው የምቀመጠው፤ በሩ አጠገብ።"

ፊልሙ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመንደሩ ትምህርት ቤት፣ በብርድ ልብስ በተከለለ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ ታየ። ቼፕሶይ የጀመረችው በራሷ ነው፤ ያላየችውን አይታለሁ ብላ ስላደገች አንዲት ልጅ፣ ስለ መራራ መድኃኒትና ስለ ቅል ውሃ። ጆኤል ወንዝ ሲገባ ሕዝቡ ድጋሚ ካልታየ ብሎ አስቁሞ አራት ጊዜ አስደገመው፤ በአራተኛው ራሱ ጆኤልም ሳቀ። ከዚያ የኪሙንጌ ፊት ግድግዳውን ሞላው። ቤታቸው በዚያ በሳምንቱ የተቃጠለባቸው አሮጊቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር።

ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ቦዮት ኪሙንጌ ዱላቸውን ጨብጠው ቆመዋል። ትልቋ ልጃቸው ኤዝተር፣ ገበያ ላይ ማር የምትሸጠው፣ ከመሃል ተነስታ ቀስ እያለች ወደ እሳቸው ሄደች።

"አባዬ" አለች፣ "እማዬ እሳት ያላስለኮሰችህ፣ ክብሪት ያላስያዘችህ፣ ለዚህ ነው? እኔ ስስታም ስለሆነች ነበር የሚመስለኝ!"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አዛውንቱም ሳቁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባቸው፤ ልጅቷ ጭንቅላታቸውን ደረቷ ላይ ይዛ ቆየች። ቼፕሶይ ካሜራዋ ትከሻዋ ላይ ነበር። የሚለቀስበትን ሰዓት ቀድማ የምታውቀው ሴት ያን ጊዜ አልቀረጸችም። እጇ ፊቷን እየጠረገ ነበር።

የማኅበሩ አስተማሪ ፊልሙን ወደደችው፤ "ግን ከሰባተኛው ደቂቃ ላይ ድምፁ ለምን የታፈነ መሰለ?" አለቻት። "ድምፅ ያዡ ውሃ ውስጥ ስለነበረ ነው" አለች ቼፕሶይ። ማይክሮፎኑን ስትመልስ ከልባሱ ውስጥ ሁለት የሞቱ ንቦች ወጡ።

ቼፕሶይ ዛሬም ሰርግ ትቀርጻለች። አንድ ነገር ብቻ ጨምራለች፤ ምሳ ሲነሳ የሙሽሮቹን አያቶች ጥግ ላይ አስቀምጣ፣ "እናንተስ እንዴት ተገናኛችሁ?" ትላለች። ብዙዎቹ ያፍራሉ፣ ጥቂቶቹ ይዋሻሉ። ባለፈው ወር ሞሎ ላይ አንድ የሙሽራ አያት እውነቱን ቢናገሩ፣ የሙሽሪት ወገኖች ሰምተው ለግማሽ ሰዓት ኬኩ ሳይቆረስ ቆየ። የሚከፍላት አጎት እየሮጠ መጥቶ ካሜራዋን በእጁ ሸፈነ።

"ምነው እቴ! አንቺን የጠራንሽ ሰርግ እንድትቀርጪ አይደለም እንዴ?"

"እሱን ነው የምቀርጸው" አለችው፣ እጁን በቀስታ ከካሜራዋ ላይ እያነሳች። "ይሄኛው የመጀመሪያው ሰርግ ነው እንጂ፤ የአያቶቹ።"